አቶ ቆዩ መቆየት ሲያቅተው

የልጄ ባል ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ ግን በስሙም በሙያውም አይጠራውም፤ «አቶ ቆዩ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የሚሠራበት ትልቅ ሕንጻ ነዋሪዎች ናቸው። የተሰነጠቀውን ቧንቧ ቆርጦ አዲሱን በሙጫ ገጥሞ ሲያበቃ የቤቱ ሰው ሁሉ ባልዲ ይዞ ይከበዋል። «በቃ ክፈተውና እንገላገል» ይሉታል። እሱ እጁን ዘርግቶ በሩ ላይ ይቆማል።

«ቆዩ! ሙጫው ሳይደርቅ ውሃ ከለቀቃችሁ ነገ መልሳችሁ ትጠሩኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ አልመጣም።»

መምጣቱን ይመጣል። ግን ከመሄዱ በፊት ከኪሱ ጥቁር ማርከር አውጥቶ ቧንቧው ላይ ይጽፋል፦ «ቆዩ፤ እስከ ማክሰኞ ጠዋት»።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያለማንም እርዳታ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል እቃ ማጠቢያዬ ሥር እሱ የጻፈው ነበር። ወገቤን ይዤ ጎንበስ ብዬ «ቆ... ዩ...» ስል ከኋላዬ ሆኖ ሰምቶኛል። «አነበቡት እኮ እማማ! ከእንግዲህ ሳይፈቀድልዎ ቢከፍቱት ማመካኛ የለዎትም» ብሎ ሳቀ። ይህን ያስቀደምኩት ደግ ሰው መሆኑን እንድታውቁልኝ ብዬ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምለው አብዛኛው ቁጣ ነውና።

ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙት በሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። የደም ግፊት አለብህ፣ መድኃኒትህን ዋጥ ሲባል «ግፊት የሌለው ቧንቧ ውሃ አያደርስም» እያለ ሲቀልድ ኖሮ አንድ ቀን ፊቱ አብጦ፣ ጫማው አልገባ ብሎት ተነሣ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ልጄ ጠዋት ጠዋት ዳቦ መሸጫ ስለምትውል ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ፊቱን አያለሁ። ከንፈሩ ሲነጣ ከማሽኑ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ይህን ነርሶቹም ይመሰክሩልኛል።

ደሙ ወደ ማሽኑ የሚወጣበትና የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ቀኝ ክንዱ ላይ የራሱን ሁለት ሥሮች አገናኝተው ሰፉለት፤ ሥሩ ቀጭን ነበርና ተዘጋ። ስለዚህ ለጊዜው ተብሎ አንገቱ ላይ ቱቦ ገባ። ያ ለጊዜው የተባለ ቱቦ አምስት ወር ቆየ። አንድ ጊዜ ቆሽሾበት በትኩሳት ሊገድለን ነበር፤ እሱን በትኩሳቱ፣ እኛን በድንጋጤው። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃ እንዳይነካው መባሉ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ሁሉ ውሃ ያደረሰ ሰው ራሱ ገላውን መታጠብ አልቻለም። ልጄ በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚቀመጠው።

ሥራውንም ከልክሎታል። የሕንጻው አስተዳዳሪ «አንገትህ ላይ ቱቦ ይዘህ እርጥብ ምድር ቤት አትገባም» ብሎ የፓምፕ ክፍሉን ቁልፍ ተቀብሎት ለሌላ ሰው ሰጠ። ለጊዜው አለ እሱም። ጊዜው የሁሉም ማመካኛ ሆነ።

በኋላ አንዲት የቀዶ ጥገና ሐኪም ግራ ክንዱ ውስጥ፣ ከክርኑ በላይ፣ ሰው ሠራሽ የደም ቱቦ ከቆዳው ሥር አስገባችለት። አንደኛው ጫፍ ከደም ወሳጁ፣ ሌላው ጫፍ ከደም መላሹ ጋር ተሰፋ። ሰኞ ነበር። ስንወጣ ለእኔ ነው የነገረችኝ፤ ማን እንደሚጠብቀው ያወቀች ይመስለኛል።

«እናቴ፣ ቀኝ ክንዱ አልሆነም። ይህም ከተበላሸ ወደ ጭን ነው የምንሄደው፤ እሱ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ጽፌልዎታለሁ።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፦ «ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መርፌ አይገባም። ከዚያም በኋላ እብጠቱ ጠፍቶ እኔ ካየሁት ብቻ።»

ቅዳሜ፣ ገና በአምስተኛው ቀን፣ ማሽኑ መጮህ ጀመረ። የአንገቱ ቱቦ ደም አልሰጥ አለ። የነርሶቹ አለቃ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት፣ መጣችና ማሽኑን ዘጋችው።

«ይሄ ቱቦ ሰልችቶታል» አለች። «ክንዱ ላይ አዲስ ተሠርቶለት የለ? ዛሬ በእሱ እንጀምር።»

«ሲስተር፣ ገና አምስት ቀኑ እኮ ነው» አልኩ።

«እናቴ፣ ያንን ሰውዬ በሁለተኛው ቀን ነው የወጋነው። ምን ሆነ?»

ያ ሰውዬ የምትለው መስኮቱ አጠገብ የሚተኛውን ጡረተኛ ሹፌር ነው። እሱም ቀና ብሎ ክንዱን አሳየን። «እኔ በሁለተኛው ቀን ተነዳሁ!» አለ። «ይኸው አንገቴ ነጻ ነው፣ ሻወር ገባሁ፣ ሸተትክ የምትለኝም ጠፋች። አንተ ግን በስምህ ልትሞት ነው፣ አቶ ቆዩ!»

ክፍሉ ሳቀ። ሲስተርም ሳቀችና መርፌውን እየከፈተች «ቱቦ ቱቦ ነው» አለች።

እኔ ወደ አማቼ ዞርኩ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ጊዜ እቃ መደብር ውስጥ አብሬው ሳለሁ እሱ ለሙቅ ውሃ የሚሆን ቧንቧ ሲጠይቅ ሻጩ የቀዝቃዛውን አውጥቶ «ቧንቧ ቧንቧ ነው» አለው። አማቼ ቧንቧውን ባንኮኒው ላይ አጋጭቶ «ይሄ በሙቅ ውሃ ሲላላ ሰው ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው!» ብሎ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ነበር። ያ ሰው አሁን እጅጌውን ጠቀለለና ክንዱን ዘረጋ።

«ይውጉት» አለ።

ደሜ ፈላ። ተነሥቼ በወንበሩና በሲስተር መካከል ገባሁ፤ ወረቀቱን አወጣሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት። እኔ ፊደል በፊደል ነው የማነበው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ስጨርስ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ማንበቡን ለእኛ ቢተዉልን» አለች ሲስተር፣ ጓንቷን እየሳበች።

«ለእናንተማ ትቼው ነበር። ፋይሉ ውስጥ ቅጂው አለ። ሳታነቡት ነው መርፌ ያነሣችሁት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው!»

«ወንበር እኮ ይጠበቃል፣ እናቴ። ሌላ ሰው ውጭ አለ።»

«ውጭ ያለው ሰው የዚህን ሰውዬ አካል አጉድላችሁ አስገቡኝ አላለም።»

ጥርሷን ነክሳ ሄደች። ሌላ ነርስ መጥቶ በአንገቱ ቱቦ ውስጥ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ጨመረ፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅንና ደሙ ወረደ። ማሽኑ ሠራ። ይኸው! መፍትሔው ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነበር። ለግማሽ ሰዓት ብለው ነው ክንዱን ሊያጠፉት የነበረው።

አውቶቡስ ውስጥ አማቼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከዚያ «ሰው ፊት አዋረዱኝ» አለ።

«አዋረድኩህ? አንተ ክንድህን እንደ ሽንኩርት ስትሰጣቸው ዝም ልበል?»

«ክንዱ የኔ ነው፣ እማማ።»

«ክንዱ ያንተ ነው። ሲጠፋ የምታለቅሰው ግን የኔ ልጅ ናት።»

ቤት ስንደርስ ነገሩን በትዕግሥት ሊያስረዳኝ ሞከረ፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ቀኝ እጁን ክንዱ ላይ አሳረፈና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ ልክ ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ እንደሚያዳምጠው። «ይንኩት» አለኝ። ነካሁት። ከቆዳው ሥር ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባች ንብ ይነዝራል።

«ግፊቱ ጥሩ ነው። ይፈሳል። መገጣጠሚያው በሁለቱም ጫፍ አያፈስም። ውሃ ተለቆበት አምስት ቀን ሙሉ ካላፈሰ ያ ሥራ አልቋል። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ነው።»

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ ስለ ቧንቧ ክርክር አልገባሁም። ልብ ብዬ ሳየው ግን ክንዱ ገና አብጧል፤ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ወረቀቱ እብጠቱ ሲጠፋ ይላል። እብጠቱ አልጠፋም። እኔ ስለ ቧንቧ አላውቅም፤ የጻፈችውን ግን አንብቤዋለሁ።

በዚያው ሳምንት ከሕንጻው ስልክ ተደወለ። የሦስተኛው ፎቅ ሴትዮ ናት። አዲሱ ሠራተኛ ሙጫውን ቀብቶ ወዲያው ውሃ ለቆ ሁለት ፎቅ አጥለቅልቋል። «አቶ ቆዩ፣ መቼ ነው የምትመጣልን?» ስትል ከእኔ ወንበር ድረስ ይሰማኛል። እሱ ስልኩን ዘጋና አንገቱ ላይ ያለውን ፕላስተር በጣቱ ዳበሰ። የዚያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ በአሥረኛው ቀን፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «እማማ፣ ለመድኃኒት መዋጫ ታች ካለው ሱቅ ውሃ ይግዙልኝ» አለኝ። በቀን ከሁለት ብርጭቆ በላይ ውሃ የተከለከለ ሰው ነው፤ ልጄ ጠዋት መዋጫውን ለክታ በኮዳ ሰጥታዋለች። እኔ ሞኟ ሄድኩ። አሳንሰሩ አይሠራም፤ በደረጃ ወርጄ በደረጃ ወጣሁ። ስመለስ ሁለት መርፌ ግራ ክንዱ ውስጥ ተሰክቷል።

የዕለቱ ነርስ አዲስ ነው። «ዶክተሯ አይታዋለች?» ብሎ ጠይቆታል፤ አማቼ «አይታዋለች» ብሎታል። ነርሱ ወደ ሲስተር ዞሮ አየ፤ ሲስተር ከጠረጴዛዋ ሳትነሣ ራሷን ነቀነቀች። ይህን የነገረኝ ጡረተኛው ሹፌር ነው፤ ያን ቀን አልሳቀም።

ጠርሙሱን እንደያዝኩ ቆምኩ። መናገር ከመጀመሬ በፊት ክንዱ ሲያብጥ አየሁ። ከመርፌው ጎን እንቁላል የምታህል እብጠት ብቅ አለች፤ ዓይኔ እያየ ብርቱካን አከለች። ማሽኑ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። ነርሱ መርፌዎቹን ነቅሎ በሁለት እጁ ተጫነው፤ ደሙ ግን ወደ ውጭ ሳይሆን ከቆዳው ሥር ነበር የሚሄደው። አማቼ ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። አርባ ደቂቃ ነው የተጫኑት። ክንዱ እስከ ብብቱ ጠቆረ።

ሲስተር መጣችና «ታካሚው ራሱ ነው ታይቷል ያለው» አለች።

«ለታካሚ ከተተወማ እናንተ ነጩን ለምን ለበሳችሁት?» አልኳት። ሌላም ብዙ ብያታለሁ፤ የልጅ ልጆቼ ስለሚያነቡት እዚህ አልጽፈውም።

ሐኪሟ ያንኑ ዕለት አየችው። ክንዱን በመሣሪያ ስትመረምር እኔ ከንፈሯን ነበር የማየው። «ቱቦው አልተዘጋም» አለች በመጨረሻ፣ እኔም ያን ጊዜ ነው የተቀመጥኩት። «ለጥቂት ነው ግን። የፈሰሰው ደም ቢመረዝ ኖሮ ቱቦውን አውጥቼ እጥለው ነበር።»

«ሹፌሩ በሁለተኛው ቀን...» ብሎ ጀመረ አማቼ።

«የእሳቸው ቱቦ ሌላ ዓይነት ነው። ቶሎ እንዲወጋ ተብሎ በድርብ የተሠራ፣ መርፌ ሲወጣ ቀዳዳውን ራሱ የሚይዝ። የእርስዎ እንደዚያ አይደለም። ለዚህ እኮ ነው የጻፍኩት።» ትንሽ አሰበችና «ሥራዎት ምንድን ነው?» አለችው።

«ቧንቧ።»

«ቦይ ቆፍረው ቧንቧ ሲቀብሩ፣ መገጣጠሚያው ደርቋል ብለው የዚያኑ ቀን ከባድ መኪና ያሳልፉበታል?»

«ኧረ! አፈሩ ተመልሶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ሳይረጋማ...»

እዚያ ላይ ቆመ።

«መገጣጠሚያውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አያፈስም፤ የሚነዝረውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው» አለች። «የምንጠብቀው አፈሩን ነው። ሥጋው ቱቦውን ዙሪያውን መያዝ አለበት። ሥጋው ካልያዘው መርፌው በወጣበት ቀዳዳ ደሙ በቱቦው ጎን ይሸሻል። እብጠት ያለበት ክንድ ደግሞ ገና አልያዘም ማለት ነው።»

አማቼ ጫማውን እያየ «ከባድ መኪና አሳለፍኩበት» አለ ቀስ ብሎ። አንጀቴን በላኝ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም። ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ቧንቧ ዘብ ቆሞ የራሱን ያስረገጠ ሰው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለውን ለስንት ባለባልዲ ሲተርት ኖሯል።

ከዚያ ቀን አንሥቶ ሌላ አራት ሳምንት፣ ከዚያ ምርመራ ተባለ። ሌላ አራት ሳምንት በአንገት ቱቦ፤ ሌላ አራት ሳምንት በእርጥብ ጨርቅ። ልጄ ስትሰማ ሄዳ ጨርቁን ነክራ መጣች። ያ ከእኔ ጩኸት ይልቅ ሳያቃጥለው አልቀረም።

ማታ ፋሻውን ስትቀይርለት የሥራ ቦርሳውን ከፈትኩ። ማርከሩ እዚያው ነው።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ።

«ዝም በል። ክንድህን ዘርጋ።»

አዲሱ ፋሻ ላይ ጻፍኩ። ፊደሎቼ ትልልቅና ጠማማ ናቸው፤ ክንዱን ሊሞሉት ምንም አልቀራቸውም፦ «ቆዩ፤ ዶክተሯ እስክታይ»። አንብቦት ሊስቅ ፈለገና እኔን አይቶ ተወው። ፋሻው በተቀየረ ቁጥር እጽፍ ነበር። ፋሻው ሲቀር ደግሞ እጅጌው ላይ በመርፌ ቁልፍ የምሰካው ወረቀት አዘጋጀሁ። በሁለተኛው ሳምንት የአንገቱ ቱቦ እንደገና ሲያስቸግር ሲስተር ወደ ወንበሩ መጣች። ክንዱን አየች፤ አነበበች። መለስ ብላ ያንን የሚያሟሟውን መድኃኒት ይዛ መጣች። ይቅርታ አላለችም፤ እስከ ዛሬም አላለችም። እኔም አልረሳሁላትም።

በቀጠሮው ቀን ክንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ቱቦው ከቆዳው ሥር እንደ ገመድ ሲዳሰስ፣ ሐኪሟ መርፌው የሚገባበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋ «አሁን ይጀመር፤ በቀጭን መርፌ» ብላ ፈረመች። ነርሱ ቀርቦ ሊወጋው ሲል አማቼ በቀኝ እጁ አስቆመው።

«ቆዩ» አለ። «መጀመሪያ ፊርማውን አንብብልኝ።»

ነርሱ አነበበለት። መርፌዎቹ ገቡ። እኔ ክንዱን እንጂ ሌላ አላየሁም፤ አራት ሰዓት ሙሉ። አላበጠም። መርፌው ሲወጣ በጣት ተጭነውት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቀዳዳው ያዘ። ጡረተኛው ሹፌር «እንኳን ወደ መንገዱ ገባህ!» ብሎ ሲጮህ አማቼ «አንተ ድርቡ ጎማ፣ ዝም በል» አለው።

ክንዱ ለሁለት ሳምንት ያለ ችግር ሲሠራ የአንገቱን ቱቦ አወጡለት። ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ውሃ እንዳይነካው ተባለ። ማንም ሳያዘው አራት ቀን ጠበቀ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ቧንቧው ተከፈተ። ልጄ ወደ ሥራ ሄደች፤ ይፈሳል። እኔ ቤት ጠረግኩ፤ ይፈሳል። አርባ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ሄጄ በሩን በቡጢ ደበደብኩት።

«አንተ! የሰው ውሃ ስትቆጣጠር ኖረህ የራሳችንን ታንከር ልትጨርስ ነው?»

ውሃው እየፈሰሰ ከውስጥ ድምፁ መጣ።

«ቆዩ፣ እማማ።»

ጠርጎ የጨረሰ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ተናድጄ ነበር። ግን ቆየሁ።